የተፋቀው ፊደል

ዳኛ የሚፈርደው በምስክር ነው፤ ምስክርም የሚታመነው ያየውን ሲናገር ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ምስክሩ ቆሞ «እኔ እንዲህ አላልኹም» ቢል፥ ፍርዱ እንደ ገና ይታይ ዘንድ ይገባል እንጂ ምስክሩ ዝም ይበል አይባልም። ይህ ነገር በችሎት ብቻ ሳይኾን በገበያም በትምህርትም ያው ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ከጨዋታ የመጣ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንባቢ ነገሩ የልጆች ነው ብሎ አይናቀው፤ ውስጡ የስምና የእውነት ጕዳይ አለበትና። ዘመኑም ኹሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ሕዝቡም የታወቁትን ተጫዋቾች እንደ ጀግና ያከብራቸዋል። ከ1909 እስከ 1911 ድረስ አሜሪካን ቶባኮ ካምፓኒ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ገበያውን ለማስፋት ብሎ በሲጋራው ፓኮ ውስጥ የተጫዋች ሥዕል ያለበት ትንሽ ካርድ ያስገባ ነበር። የካርዱ ቁመት 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወርዱም ከ4 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። በፊቱ በድንጋይ ማተሚያ በልዩ ልዩ ቀለም የታተመ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በታች የተጫዋቹ ስምና የቡድኑ ስም ተጽፎአል፤ በጀርባው የሲጋራው ማስታወቂያ አለ። የሲጋራው ዐይነት 16 ሲኾን የካርዱ ዐይነት ከ500 ይበልጣል።

አጫሹ ሲጋራውን ወስዶ ካርዱን ይጥለዋል፤ ሕፃናት ግን እየለመኑና እየለቀሙ ይሰበስቡት ነበር። እንዲህ ያለውን የተጣለ ወረቀት በሥርዐት ቈጥሮ ስም የሰጠው ጀፈርሰን በርዲክ የተባለ ሰው ነው። በርዲክ ባለጸጋ አልነበረም፤ በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩዝ ከተማ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ የሚያገለግል ሠራተኛ ነበር። በ1939 የካርዶችን ማውጫ አሳተመ፤ አሳትሞም አልተወውም፥ የጐደለውን እየጨመረ የተሳሳተውን እያረመ ደጋግሞ አወጣው። ከላይ የተነገረው የትምባሆ ካርድ ወገን ዛሬ «ቲ 206» ተብሎ የሚጠራው እርሱ በሰጠው ስም ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም እጆቹን እያሠቃየው ከ300,000 የሚበልጠውን ስብስቡን በኒው ዮርክ ላለው ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በስጦታ ሰጠ፤ ካርዶቹንም በጥራዝ ላይ እያደረገ ሲያሰናዳ ኖሮ በ1963 ሥራውን ፈጽሞ በዚያው ዓመት ዐረፈ። የዚህ ሰው ዕውቀት የቆመው በመመልከትና የተመለከቱትን በማረም ነው።

እንግዲህ ካርዶቹ ሲታተሙ አንዳንድ ስሕተት መግባቱ አልቀረም። በፊላዴልፊያ ከተማ ቡድን ከ1904 ጀምሮ ይጫወት የነበረ ሼሪ መጊ የሚባል ብርቱ መቺ ነበረ፤ በ1910 በሊጉ ካሉት መቺዎች ኹሉ የበለጠ እርሱ ነበረ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ፊደል አለው፤ ኤም፥ ኤ፥ ጂ፥ ኢ፥ ኢ። አታሚዎቹ ግን በመጀመሪያ በአራተኛው ፊደል በኢ ስፍራ አይ የሚባለውን ፊደል አገቡ። ወዲያው ስሕተቱን አይተው አቀኑት። ስለዚህ ስሙ የተሳሳተበት ካርድ ጥቂት፥ ስሙ የቀናበት ካርድ ብዙ ኾነ። እንዲሁም ጆ ዶይል የሚባለው ተጫዋች በኒው ዮርክ ከነበሩት ቡድኖች የአሜሪካን ሊጉ ሲኾን፥ ላሪ ዶይል ከሚባለው ሞክሼው ጋር አሳስተውት የናሽናል ሊጉ ነው ብለው ጻፉበት፤ ይህንም ቶሎ ስላጠፉት የተሳሳተው እጅግ ጥቂት ኾኖ ቀረ። በሰብሳቢዎች ገበያ ብርቅ የኾነ ነገር ውድ ነውና፥ ዛሬ የተሳሳተው ስም ከቀናው ስም ብዙ እጥፍ ዋጋ ያወጣል።

በብራና መጽሐፍ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል። ጸሐፊ ሲሳሳት ምላጭ አንሥቶ ብራናውን ይፍቃል፤ ከፋቀውም ስፍራ ላይ ትክክለኛውን ፊደል ይጽፋል። መፋቅ ስሕተትን ለማቅናት የተገኘ ጥበብ ነው። በካርዱ ገበያ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ስሕተቱ ወርቅ ስለ ኾነ የቀናውን ፍቆ የሚያሳስት እጅ ተነሣ። ይህም ብዙ አያስቸግርም። ኢ የሚባለው የላቲን ፊደል አንድ ቀጥ ያለ ግንድና ሦስት ክንዶች አሉት፤ አይ የሚባለው ፊደል ግንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስቱ ክንዶች በስለታም ምላጭ ከተፋቁ ኢ የነበረው አይ ይኾናል። ቀለም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የሕሊና መደንዘዝ ብቻ ነው።

ገዢው ከእንዲህ ያለ ተንኰል ይጠበቅ ዘንድ ካርድ የሚመረምሩና ደረጃ የሚሰጡ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ባለ ካርዱ ዋጋ ከፍሎ ካርዱን ይልክላቸዋል፤ እነርሱም ካርዱ ምን እንደ ኾነ ለይተው፥ ያልተቈረጠና ያልተነካካ መኾኑን አይተው፥ ከ1 እስከ 10 ቍጥር ይሰጡታል። ከዚያም በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያትሙታል፤ በላዩም የካርዱን ስምና የተሰጠውን ደረጃ የያዘ ወረቀት ያደርጋሉ። ይህ ሥራ ጥቅም የለውም ማለት ግፍ ነው። በሩቅ አገር ያለ ገዢ ካርዱን ሳይዳስስ በወረቀቱ አምኖ ይገዛል፤ ብዙ ሐሰተኛም በዚህ ምክንያት ከገበያ ተባርሮአል። ነገር ግን መርማሪዎቹም ሰዎች ናቸው፤ በቀን የሚያዩት ካርድ ብዙ ነው፤ የሰው ዐይን ደግሞ ይደክማል።

ለዚህ ከኹሉ የታወቀው ማስረጃ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ዋግነር የፒትስበርግ ቡድን ተጫዋች ነበረ፤ በ1936 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲመሠረት መጀመሪያ ከተመረጡት ከአምስቱ አንዱ እርሱ ነው። ካርዱ መታተም ከጀመረ በኋላ ቶሎ ስለ ቀረ እጅግ ብርቅ ኾነ። አንዳንዶች ሕፃናት ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ እርሱ ራሱ ከለከለ ይላሉ፤ ሌሎችም ዋጋ አልተከፈለኝም ብሎ ነው ይላሉ። ከእነዚህ ካርዶች ንጹሕ የኾነው አንዱ በ1991 በሐራጅ 451,000 ዶላር አወጣ። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፒ ኤስ ኤ የተባለው መርማሪ ኩባንያ ለዚህ ካርድ የመጀመሪያውን መዝገብ ቍጥር ሰጥቶ ደረጃውን 8 አለው። ዐዋቂዎች ግን ዳርና ዳሩ እጅግ የተሳለ ነው፥ ይህ ካርድ ተቈርጦአል እያሉ ያጕረመርሙ ነበር። የተቈረጠ ካርድ ደግሞ በኩባንያው በራሱ ሥርዐት እንዲህ ያለ ቍጥር አይገባውም። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ቈየ፤ ካርዱም በ2007 እስከ 2,800,000 ዶላር ድረስ ተሸጠ። በመጨረሻ በ2013 ዊልያም ማስትሮ የተባለው ካርዱን አስቀድሞ ገዝቶ የሸጠው ነጋዴ በፍርድ ቤት ቀርቦ ዳሩን የቈረጥኹት እኔ ነኝ ብሎ አመነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው ኾነ። ነገር ግን ምስክሩ ቃሉን ከሰጠ በኋላም በወረቀቱ ላይ ያለው 8 ቍጥር እንዳለ ቀረ።

የዋግነሩ ነገር የባለጸጎች ነገር ስለ ኾነ በዓለም ተሰማ። ስሙ ያልተሰማ ተራ ሰው ከእንዲህ ያለ ኩባንያ ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚደርስበትን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በፊላዴልፊያ ከተማ አንድ ሽማግሌ ነበረ። ዕድሜውን ያሳለፈው በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ኾኖ ነው። በዘመኑ የእርሳሱን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ መሥመር ይሠራ ስለ ነበር፥ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ያለ መለኪያ በዐይኑ ይለካዋል። አባቱም አያቱም የዚያችን ከተማ ቡድን የሚወድዱ ነበሩና፥ ስሙ የተሳሳተበትን የመጊን ካርድ አንድ ቀን እገዛለኹ እያለ ከጡረታው ብዙ ዓመት አጠራቀመ። በመጨረሻም ከአንድ መርማሪ ኩባንያ ወረቀት ጋር በፕላስቲክ ታትሞ የተቀመጠውን አገኘና ገዛው። የቤቱ ጣራ መጠገን ነበረበት፤ እርሱም ሚስቱም ጣራው አንድ ክረምት ይቈይ ብለው ተስማሙ።

ካርዱን በቤቱ መብራት ሥር በአጕሊ መነጽር ሲያየው ልቡ ደነገጠ። አይ የተባለው ፊደል ከጂ ጋር ተቀራርቦ ቆሞአል፤ ከመጨረሻው ኢ ጋር ግን ተራርቆአል። ቀጭን ፊደል በስፍራው ሲቆም ከግራም ከቀኝም እኩል ክፍተት ይተዋል። ይህ ግን የሰፊ ፊደልን ስፍራ ይዞ በግራው ጫፍ ብቻ የቆመ ነበር፤ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው በዳር እንደ ተቀመጠ ያለ ነው። ሽማግሌው መብራቱን በጐን አድርጎ ደግሞ አየ፤ ከፊደሉ በስተ ቀኝ ያለው ወረቀት ልሙጥነቱን አጥቶ ሻክሮአል። መነጽሩን አጥብቆ ሲያቀርብ ሦስቱ ክንዶች ከነበሩበት የቀለም ርዝራዥ እንደ ጥላ ታየው። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ኾነ፤ ካርዱ ጥንት ስሙ የቀናበት ካርድ ነበረ፤ የተሳሳተው በምላጭ ነው።

ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ያየውን ሦስቱን ነገር በተራ አስቀመጠ፤ ማንንም አልዘለፈም። ኩባንያው ዐዋቂዎቻችን መርምረው ወስነዋል፥ ውሳኔው የጸና ነው ብሎ መለሰለት። ደግሞ ጻፈ፤ እንደ ገና እንዲታይልህ ከፈለግህ ዋጋ ከፍለህ ላክ አሉት። ከፍሎ ላከ። ካርዱ ከነወረቀቱ ምንም ሳይለወጥ ተመለሰለት። በሦስተኛው ደብዳቤ፥ የመረመረውን ሰው አግኝቼ መነጽሩን በአንድነት እንድናይ ይፈቀድልኝ ሲል ለመነ። የመርማሪዎቻችንን ስም አንገልጽም የሚል መልስ አገኘ። ስለ ክፍተቱ፥ ስለ ሻካራው ወረቀት፥ ስለ ቀለሙ ርዝራዥ ግን ከሦስቱ መልሶች በአንዱም አንድ ቃል አልነበረም።

የክርክሩ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው የጠየቀው እመኑኝ ብሎ አይደለም፤ ተመልከቱ ብሎ ነው። ኩባንያው የመለሰው ተመልክተን እንዲህ አገኘን ብሎ አይደለም፤ እኛ ነን ያልነው ብሎ ነው። አንዱ ምክንያት ሲያቀርብ ሌላው ሥልጣን ካቀረበ፥ ኹለቱ አልተከራከሩም፤ ተላለፉ እንጂ። በቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ሲቀኝ መምህሩ ተሳስተሃል ቢለው፥ የተሳሳተው በቃሉ ነው ወይስ በቤቱ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩም ጣቱን በቃሉ ላይ አድርጎ ያሳያል። የማያሳይ መምህር ቢበዛ ይፈራ ይኾናል እንጂ አይታመንም።

ኩባንያው ስለ ምን እንዳልተመለከተ ለመገመት አያስቸግርም። ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ተሳስተን እንደ ኾነ ለባለ ካርዱ ልዩነቱን እንከፍላለን የሚል ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው የተሰጠው የገዢው ልብ እንዲጸና ነው። ነገር ግን በዚያው መጠን ዳኛውን ባለዕዳ አደረገው፤ ስሕተቱን ያመነ ዕለት ከኪሱ ይከፍላልና። ባለዕዳ የኾነ ዳኛ ዐይኑ ጤነኛ ቢኾንም እንኳ መነጽሩን ለማንሣት እጁ ይከብደዋል። ይህ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ አይደለም፤ ከሥርዐቱ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ከክፉ ሰው ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

ሽማግሌው ነገሩን ለአንድ የካርድ ነጋዴ ነገረው። ነጋዴውም ሣቀና «ምን አስጨነቀዎት? ኩባንያው ነው ብሎአል። ገዢ የሚያየው ወረቀቱን ነው። በገዙበት ዋጋ ይሽጡት፥ ምናልባትም ያተርፋሉ። እርስዎ የሐሰት ቃል አይናገሩ፤ ዝም ብቻ ይበሉ» አለው። በሰብሳቢዎች ዘንድ ካርዱን ግዛ እንጂ ቤቱን አትግዛ የሚል የታወቀ ምክር አለ፤ ቤቱ ያሉት ፕላስቲኩን ነው። ነጋዴው ምክሩን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ምክሩ ለሚገዛ ነው እንጂ ለሚሸጥ አይደለም ብሎ ያምናል።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። እርስዋም «ጣራው ያፈሳል፤ ገንዘቡም የእኛ ነው። ብናጣው እከፋለኹ፤ አልከፋም ብልህ ውሸት ነው። ነገር ግን የሚገዛህ ሰው እንደ አንተ መነጽር ያለው እንደ ኾነ ምን ትለዋለህ? መነጽር የሌለው ከኾነ ደግሞ የባሰ ነው» አለችው። እርሱም ምንም አልመለሰላትም፤ የመጨረሻው ቃልዋ ግን ልቡን ወጋው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወጣት ካርዱ መኖሩን ሰምቶ መጣ። እርሱም እንደ ሽማግሌው ከደመወዙ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመ ነበረ። ወረቀቱን አየ፥ ቍጥሩን አየ፥ ደስ አለው፤ ገንዘቡንም ለመስጠት ተዘጋጀ። ሽማግሌው አስቀድሞ መነጽሩን ሰጠውና መብራቱን በጐን አደረገለት።

«አራተኛውን ፊደል ተመልከት» አለው።

«ምን አለበት? ወረቀቱ እኮ ነው ይላል» አለ ወጣቱ።

«ወረቀቱን ለጊዜው ተወው ልጄ፤ ፊደሉን ተመልከት። በስተ ቀኙ ምን ያህል ባዶ ስፍራ አለ? ወረቀቱስ እንደ ሌላው ለስልሶአል?»

ወጣቱ ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ገዝቼው ነበር» አለ። ሽማግሌውም «እኔም ማንም አልነገረኝምና ገዛኹት» አለው። ወጣቱ አመስግኖ ሳይገዛ ሄደ። ጣራውም ለሌላ ክረምት ተላለፈ።

ሽማግሌው ፕላስቲኩን አልሰበረም፤ ቢሰብረው የኩባንያው ቃል ከካርዱ ጋር አብሮ የሚገኝበት ማስረጃ ይጠፋል ብሎ ነው። ነገር ግን በራሱ እጅ በትንሽ ወረቀት ላይ ያየውን ሦስቱን ነገር ጻፈና በጀርባው ለጠፈበት፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ካርዱ ለማንም ሲተላለፍ ኹለቱ ቃሎች ጐን ለጐን ይታዩ ዘንድ። የኩባንያውን ቃል አልደበቀም፤ የራሱንም አልዋጠም። ያ ወጣት ነገሩን ለባልንጀሮቹ ተናገረ መሰለኝ የሚያሰኝ ምልክት ታየ፤ አንዳንድ ሰብሳቢዎች ካርዳቸውን ይዘው እየመጡ መነጽሩን ያስያይዙት ጀመር። እርሱም የሚያየውን ይነግራቸዋል፤ የማያውቀውንም አላውቅም ይላቸዋል፤ ዋጋ አይቀበልም። በኩባንያው መዝገብ ግን የዚያ ካርድ ስም እስከ ዛሬ ስሕተቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ወረቀት ኹሉ ሐሰት ነው ለማለት ይህ አልተነገረም። በወረቀት ካልታመነ ገበያም ትምህርት ቤትም አይቆምም። ነገር ግን ወረቀት ስለ ነገሩ የተሰጠ ቃል ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ቃሉ ከነገሩ ጋር ሲጋጭ የሚታረመው ቃሉ ነው። መሳሳት የማንንም ክብር አያጠፋም፤ በርዲክ ማውጫውን ደጋግሞ በማረሙ ይበልጥ ታመነ እንጂ አልተዋረደም። የሚያዋርደው እንደ ገና ተመልከት ሲባሉ አለመመልከት ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሼሪ መጊ በ1928 በናሽናል ሊግ ዳኛ ኾኖ ሠራ፤ በ1929 ገና በ44 ዓመቱ ሞተ። በ1909 የስሙን አንድ ፊደል ያሳሳቱት አታሚዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ስሕተታቸውን አይተው አቀኑለት። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ እጅ የቀናውን ስም ስለ ገንዘብ ፋቀው፤ ኩባንያም መጥቶ በፋቂው ሥራ ላይ ማኅተሙን አደረገ። ለሟቹ ስም ሊከራከር የተነሣው ግን ፊደል መልቀም የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ ኾነ፤ ክርክሩንም በኩባንያው ፊት አልረታም፤ ቢኾንም በቤቱ መነጽሩን ያነሣ ሰው ኹሉ የመጊን ስም እንደሚገባው አንብቦ ይወጣል።